የቤንዚን ዋጋና የአነዳድ ጠባያችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ቤንዚን መናገር ለአንዳንዶቻችሁ የማይስማማ ይመስል ይሆናል። እኛም ርእሱን ስንመርጥ ብዙ ተከራክረናል። ስለ ቡና እንናገር ያለ ነበር፤ ስለ ሶር ፏፏቴ እንናገር ያለም ነበር። ነገር ግን ዛሬ ከጎሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዩና ከቡሬ የመጣችሁ ወላጆች በመንገድ ላይ ምን ስትጫወቱ እንደ መጣችሁ ብንጠይቃችሁ፣ አብዛኞቻችሁ «የመኪናውን ዋጋ ነዋ» እንደምትሉን አንጠራጠርም። ስለዚህ ሰው ሁሉ በየቤቱ የሚያወራውን ነገር ወስደን፣ በክፍል ውስጥ በተማርነው ሒሳብና ፊዚክስ መርምረን፣ ያገኘነውን ልናቀርብላችሁ ወሰንን።

ጥያቄያችን አጭር ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ሰው መኪናውን የሚነዳበት ጠባይ እንዴት ይለወጣል? ከለውጡስ የትኛው ይጠቅመናል፤ የትኛው ይጎዳናል?

በአያቶቻችን ዘመን ይህ ጥያቄ አይታወቅም ነበር። ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ቡናችን በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። ከዚያም በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። የዚያ ዘመን ነጋዴ ጭንቀቱ ስለ በቅሎው ጀርባና ስለ ወንዙ ሙላት ነበር። ዛሬ ግን ቡናችን ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ጨውና ስኳር የሚመጣልን፣ የምንማርበት መጽሐፍ የሚደርሰን፣ በሽተኛችን ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰደው በነዳጅ ኃይል ነው።

ይህ ነዳጅ በአገራችን አይጣራም፤ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ይራገፋል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ በኩል እስከ መቱ ደግሞ 600 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። እንግዲህ በመቱ ማደያ የምናገኘው ቤንዚን 1,500 ኪሎ ሜትር ግድም በቦቴ ተጉዞ የመጣ ነው። ቦቴውም ራሱ በየመንገዱ ናፍጣ እየጠጣ ይመጣል። የችርቻሮው ዋጋ ሲወሰን የማጓጓዣው ወጪ ስለሚታሰብበት፣ በእኛ ከተማ ያለው ዋጋ ከአዲስ አበባው ከፍ ይላል። በአጭሩ እኛ በመንገዱ ጫፍ ላይ ያለን ሰዎች ነን፤ ዓለም ሲያስነጥሰው ጉንፋኑ መጨረሻ የሚደርሰው እኛ ዘንድ ነው።

መንግሥት ለብዙ ዓመታት የነዳጅን ዋጋ በከፊል ሲደጉም ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሣት ጀመረ። በዚያ ጊዜ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። ለሕዝብ ማመላለሻ የተመዘገቡት መኪናዎች ብቻ በድጎማው እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው በየጊዜው ወጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ60 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ስለ ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በዚያው ዓመት ውስጥም እንደ ገና ጨመረ።

የነዳጅ ዋጋ መጨመር የሰውን ኑሮ ሲያናውጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ደረሰ። በአገራችንም ቤንዚን 50 በመቶ ስለ ተጨመረበት፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥት ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግም የተነሣው ነገር በዚያ አላበቃም፤ ቀጥሎ የሆነውን በታሪክ ትምህርታችን ተምረነዋል። በዚያው ዓመት በሆላንድና በምዕራብ ጀርመን መኪና በእሑድ ቀን እንዳይነዳ ተከልክሎ ሰዎች በባዶው አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌት ይንሸራሸሩ ነበር። አሜሪካም የመንገድ ፍጥነት በሰዓት ከ88 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ሕግ አወጣች። በደርግ ዘመንም በአገራችን ቤንዚን በኩፖን ሲታደል እንደ ነበረ አባቶቻችን ይነግሩናል። ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ቤንዚን ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ሰው መኪናውን እንደ ድሮው ሊነዳ እንደማይችል ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። በመናኸሪያውና በማደያው አጠገብ ቆመን ነገሩን በዓይናችን ለማየት ብዙ ቅዳሜዎችን አሳልፈናል። ካየነው ውስጥ ደስ የሚያሰኝም አለ።

በፊት አንድ ኪሎ ስኳር ለመግዛት መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ያስነሣ የነበረ ሰው ዛሬ በእግሩ ይሄዳል። የሚገዛውንም በወረቀት ጽፎ አንድ ጊዜ ይወጣል። ባለ ባጃጁ ሰው ፍለጋ በባዶው ሲዞር አይውልም፤ ተራውን ጠብቆ ሞተሩን አጥፍቶ ይቀመጣል። ቡና ጭኖ የሚሄድ አይሱዙ ባዶውን እንዳይመለስ ባለቤቱ የመልስ ጭነት አስቀድሞ በስልክ ይፈልጋል። የጎማውን ንፋስ ሳያስለካ ረጅም መንገድ የማይወጣ ነጂም አይተናል፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ መንገዱን ስለሚለጠፍበት ሞተሩ በከንቱ እንደሚደክም ነግሮናል።

በፍጥነትም ረገድ የሚያስቡ ነጂዎች አሉ። በፊዚክስ እንደ ተማርነው፣ አየር መኪናን የሚገታበት ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር መጠን ይጨምራል። ከበደሌ ወደ መቱ በአስፋልቱ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍጥነቱን 100 ቢያደርገው፣ ፍጥነቱ የሚጨምረው በሩብ ብቻ ነው፤ የአየሩ ግታት ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ለዚያ ግታት የሚከፈለው በቤንዚን ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ ስለ መኪናም የተነገረ ይመስላል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ሁሉም እንዲህ ቢሆን ኖሮ የቤንዚን መወደድ ጥሩ አስተማሪ ነው ብለን ንግግራችንን እዚህ ላይ በጨረስን ነበር። ነገር ግን ያው አስተማሪ ክፉ ትምህርትም ያስተምራል። ያየናቸው ክፉ ልማዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ትርፍ መጫን ነው። ነጂው ለቤንዚን ያወጣውን ለመመለስ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር አምስት ያስቀምጣል። እኛም ተሳፋሪዎቹ «ይሁን፤ ጠጋ ጠጋ በሉ» እንላለን። ጥፋቱ የነጂው ብቻ እንዳይመስለን።

ሁለተኛው ቤንዚን በቤት ማጠራቀም ነው። ነገ ይወደዳል ወይም ይጠፋል በሚል ፍርሃት ሰው በጀሪካንና በውሃ መያዣ ፕላስቲክ እየቀዳ ከአልጋ ሥር ያኖረዋል። ቤንዚን እሳት ሳይነካው እንኳ ሁልጊዜ ይተናል። ተኑ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። በእኛ አገር ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የማይፈላበት ቤት የለም። ከሰሉ ከመሬት፣ ተኑም ከመሬት፤ ሁለቱ የተገናኙ ቀን የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል። ውሃ መስሎት የሚጠጣውን ሕፃንም እናስብ።

ሦስተኛውና ዛሬ አብዝተን ልንናገርበት የፈለግነው በፎሌ መንዳት ነው። ፎሌ ማለት፣ ነጂዎች ሁሉ እንደሚያውቁት፣ መኪናው ማርሽ ሳይገባለት ጎማው በነፃ ሲሽከረከር ነው። ቁልቁለት ሲመጣ ነጂው ማርሹን ያወጣል፤ አንዳንዱም ሞተሩን ጨርሶ ያጠፋል። መኪናው በገዛ ክብደቱ ያለ ድምፅ ይወርዳል። አገራችን ኢሉባቦር ደግሞ ቁልቁለት የሞላባት ናት። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቡሬ በኋላ ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው ፎሌ ለነጂ ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት መናዘዝ አለብን። እኛ ራሳችን አንድ ቀን ከጎሬ ስንመለስ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ረጅሙን ቁልቁለት ሲያወርደን «ጎበዝ! አንድ ጠብታ አላቃጠለም» ብለን አጨብጭበንለታል። የዚያን ቀን ማጨብጨባችን ዛሬ ያሳፍረናል፤ ምክንያቱም ከጥቂት ወራት በኋላ ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም በዚሁ ልማድ ተጎዳ።

ስሙን እንዳንጠራ አደራ ብሎናል፤ ታሪኩን ግን እንድንናገር ፈቅዶልናል። ባጃጅ እየነዳ እናቱንና እኛ ጋር የሚማረውን ወንድሙን የሚረዳ ወጣት ነበር። ቤንዚን በተወደደ ቁጥር በየቁልቁለቱ ሞተር ማጥፋት ለመደ። አንድ የገበያ ቀን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አራት ሰው ጭኖ በፎሌ ሲወርድ ጥጃ መንገድ አቋረጠበት። ፍሬኑን አጥብቆ ቢረግጥ ባጃጁ በጎኑ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው የለም። ከገበያ ትመለስ የነበረች አንዲት እናት ግን ክንዷ ተሰበረ፤ የእርሱም እግር ተሰብሮ ብዙ ወራት ተኛ። ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ «ቤንዚን ቆጥቤ እናቴን ልረዳ ብዬ ነበር፤ አሁን እናቴ እኔን ትረዳለች» አለን። ከዚያ ቤት የወጣነው ይህን ንግግር ለመጻፍ ወስነን ነው።

ስለዚህ በፎሌ የሚገኘው ትርፍ ስንት እንደ ሆነ በሒሳብ እንመርምር። አምስት ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቁልቁለት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብንወርድ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። የአንድ ትንሽ መኪና ሞተር ነዳጅ ሳይሰጠው እንዲሁ ቆሞ ሲዞር በሰዓት ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥ። እንግዲህ በስድስት ደቂቃ የሚጠጣው አንድ ዐሥረኛ ሊትር ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ዋጋ 10 ብር ገደማ ማለት ነው። መኪናው አሮጌ ሆኖ፣ በማርሽ ሲወርድ የዚህን እጥፍ ይጠጣል ብንል እንኳ 20 ብር ነው። የባጃጁ ሞተር ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ስለ ሆነ ትርፉም ያንሳል። የዚያች እናት ክንድና የወንድማችን እግር የተለወጠው በዚህ ገንዘብ ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚያስገርም ነገር አለ። በዘመናችን የሚሠሩት አብዛኞቹ መኪናዎች ነዳጅ የሚለካላቸው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ማርሽ ገብቶለት፣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ ቁልቁለት ሲወርድ፣ መሣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ በእነዚህ መኪናዎች፣ ሞተሩን ሳያጠፋ በፎሌ የሚወርድ ሰው ቆጠብሁ ሲል እያባከነ ነው። ሞተሩን ካጠፋው ደግሞ የባሰ ነው፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል የሚገኘው ከሚሠራው ሞተር ስለ ሆነ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። የከባድ መኪናም ፍሬን የሚሠራበት አየር የሚሞላው በሞተሩ ነው። ማርሹ ያልያዘውን ክብደት ሁሉ ፍሬኑ ብቻውን ሲይዝ ይግላል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬንም አይዝም።

በዚህ አገር መንገድ ላይ ብዙ ዘመን ከባድ መኪና የነዱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉን። «ጋሼ፣ እርስዎ በፎሌ ነድተው ያውቃሉ?» ብለን ብንጠይቃቸው ሳቁና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። እኔ ይህን ከአለቃዬ ተማርሁ፤ እርሱም አላጣም፤ እኔም ይኸው ከእናንተ ጋር እጫወታለሁ።» ከዚህ የተሻለ ትምህርት ለመስጠት አንችልም።

ታዲያ ዋጋው ከበዛ፣ በፎሌም መንዳት ካልተገባ፣ በምን እንቆጥብ? የእኛ አሳብ ይህ ነው። ከመቱ ጎሬ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ የቤት መኪና ለዚህ መንገድ 5 ሊትር ይፈጃል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ዋጋ 239 ብር ከ15 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ዋጋ 507 ብር ከ35 ሳንቲም ሆነ። አራት ሰዎች ተስማምተው በአንድ መኪና ቢሄዱ ግን ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው 127 ብር ገደማ ነው። ይህም በ2014 ዓ.ም. አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ ካወጣው በግማሽ ግድም ያነሰ ነው። እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ያለው በመኪናው ባዶ ወንበር ላይ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በደቦ ማረስንና ማጨድን የምናውቅ ሕዝብ ነን። የመንገድ ደቦ ማውጣት ለምን ያቅተናል? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ቀን ነው።

በዚህ ሁሉ ግን መቆጠብ የማይችሉትን አንርሳ። ምጥ የያዛት ሴት ከገጠር ወደ መቱ ሐኪም ቤት ስትመጣ «ነገ ይርከስ ይሆናል» ብላ አትቆይም። ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ በመቱ ቤት ተከራይቶ የሚማር ጓደኛችን በየሳምንቱ ቤተ ሰቡን ይጠይቅ የነበረው ዛሬ በወር አንድ ጊዜ እንኳ አይሄድም፤ ስንቁን የሚልክለት ሰው እስኪያገኝ ጾሙን የሚያድርበት ቀን አለ። ባለ መኪናው የአነዳዱን ጠባይ ሲለውጥ፣ መኪና የሌለው ሰው የሚለውጠው ኑሮውን ነው።

ወደፊት ነገሩ ሳይሻሻል አይቀርም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መልሳለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ወንዞቻችን መኪናዎቻችንን የሚያንቀሳቅሱበት ዘመን በመቱም እንደሚደርስ ተስፋ እናደርጋለን። የቁልቁለቱ ሕግ ግን በዚያን ጊዜም አይለወጥም።

በመጨረሻ የምንለምናችሁ ጥቂት ነው። ነጂዎች የሆናችሁ አባቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ በጎማ ንፋስ፣ በፍጥነት መቀነስና በመልስ ጭነት ቆጥቡ፤ በፎሌ አትቆጥቡ። ወላጆቻችን፣ ቤንዚን ከምድጃ አጠገብና ከአልጋ ሥር አታኑሩ፤ ባዶ ወንበር ያላችሁ በመንገዳችሁ ላይ ያለውን ተማሪ አሳፍሩ። ጓደኞቻችን፣ ሞተር አጥፍቶ ለሚያወርደን ነጂ ከእንግዲህ አናጨብጭብ። «ጋሼ፣ ማርሽ ያስገቡልን» ብለን በትሕትና እንለምነው። አንድ ሰው ሲለምን ነጂው ይቆጣ ይሆናል፤ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ አፍ ሲለምነው ግን ይሰማል።

ዛሬ ከበዓሉ ስትመለሱ፣ በየቁልቁለቱ፣ መንገዳችሁ ሰላም ይሁን።